የአንዲስ ጥንታዊ የሸክላ ሰዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንዲስ የሸክላ ሰዎች የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በአንዲስ ተራሮችና ከሥራቸው በተዘረጋው የፓስፊክ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች ስፔናውያን በ1532 ከመምጣታቸው በፊት በሰው አምሳል የሠሯቸው ሸክላዎች ናቸው። ዘመናቸው አምስት ሺህ ዓመት ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ የአንድ ሕዝብ ሥራ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። በዛሬዋ ኢኳዶር ቫልዲቪያ፣ ሃማ ኮአኬና ቶሊታ፣ በፔሩ ሞቼ፣ ሬኩዋይ፣ ናስካ፣ ዋሪ፣ ቺሙና ቻንካይ፣ በቲቲካካ ሐይቅ አካባቢ ደግሞ ቲዋናኩ የሚባሉት እያንዳንዳቸው የራሳቸው እጅና የራሳቸው ዓይን ነበራቸው። ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹን የሰጧቸው አርኪዮሎጂስቶች ናቸው፤ ከሸለቆ ወይም ከመንደር ስም የተወሰዱ ናቸው። በጽሕፈት የተቀመጠ ነገር ስለሌለ ሞቼዎች ራሳቸውን ምን ብለው ይጠሩ እንደነበር ማንም አያውቅም።

ከፊሎቹ ምስል ብቻ ናቸው። ከፊሎቹ ግን ሰውም ዕቃም ናቸው፤ ከሰውየው ራስ ላይ አፍ ወጥቶለት ፈሳሽ ይቀዳበታል።

ከሁሉ የሚቀድሙትስ?

የቫልዲቪያ ሴቶች ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3500 ገደማ ጀምሮ በኢኳዶር ጠረፍ ተሠርተዋል። መጀመሪያ በድንጋይ ይቀረጹ ነበር፤ በኋላ ወደ ሸክላ ተዞረ። አብዛኞቹ መዳፍ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ ምስሎች ናቸው። ፊታቸው ላይ ሠሪዋ ወይም ሠሪው ብዙም አልደከሙም፤ ለዓይን ጭረት፣ ለአፍ ጭረት፣ በቃ። ጸጉሩ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ይፈታል። አንዷ ከግንባሯ እስከ ትከሻዋ የተንዠረገገ ጸጉር አላት፤ ሌላዋ ግማሽ ራሷን ተላጭታለች። ሁለት ራስ ያላቸውም አሉ።

በብዙ መጻሕፍት «የመራባት ምልክት» ተብለው ይታለፋሉ። እኔ ይህ መልስ አይጥመኝም፤ ሴት በተሠራች ቁጥር የሚሰጥ መልስ ነውና። ይልቅ የተገኙበትን ቦታ ማየት ይሻላል። ሬአል አልቶ በተባለው የቫልዲቪያ መንደር በተደረገው ቁፋሮ ብዙዎቹ የወጡት ተሰባብረው፣ ከቤት ጥራጊና ከገል ጋር ተደባልቀው ነው። ለአንድ ጉዳይ ተሠርተው፣ ጉዳዩ ሲያልቅ የተጣሉ ይመስላሉ። ጉዳዩ ሕመም ይሁን፣ ወሊድ ይሁን፣ የልጃገረድ ለአቅመ ሔዋን መድረስ ይሁን ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ይሁንና ሰው የሚሰግድለትን ነገር ከቆሻሻ ጋር አይጥልም።

ይህ ጥበብ ከጃፓን በጀልባ የመጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

አይደለም፤ ወሬው ግን ከየት እንደተነሣ ይታወቃል። ኤሚሊዮ ኤስትራዳ የተባለው ኢኳዶራዊ ተመራማሪ የቫልዲቪያን ሸክላ በ1956 ካገኘ በኋላ፣ እርሱና የስሚዝሶንያን ተቋም ባልደረቦች የነበሩት ቤቲ ሜገርስና ክሊፎርድ ኢቫንስ በገሉ ላይ ያሉት ጭረቶች የጃፓኑን የጆሞን ሸክላ ይመስላሉ አሉ። ማዕበል የወሰዳቸው ዓሣ አጥማጆች ጥበቡን ይዘው ደርሰዋል የሚል መላ ምትም አቀረቡ። ቆይቶ ግን ከባሕር ርቀው የሚገኙ የቫልዲቪያ መንደሮች ተቆፈሩ፤ ከመንደሮቹም የገበሬ እንጂ የጠረፍ ዓሣ አጥማጅ ያልሆነ ኑሮ ወጣ። ተመሳሳይ የተባሉት የጆሞን ጭረቶችም ከተለያየ ቦታና ዘመን የተለቃቀሙ ነበሩ። ጭቃ ላይ በጥፍርና በእንጨት መጫር ደግሞ ማንም አስተማሪ ሳይፈልግ የሚደርስበት ነገር ነው።

የሞቼ የራስ ቅርጾች በእርግጥ የነበሩ ሰዎች መልክ ናቸው?

አዎ። ከሁሉም በላይ ልቤን የሚይዙት እነዚህ ስለሆኑ መልሴ ቢረዝም ይታገሡኝ።

ሞቼዎች ከ100 እስከ 800 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ፔሩ በረሃማ ጠረፍ፣ ከአንዲስ በሚወርዱ ወንዞች ሸለቆ ውስጥ በመስኖ እያረሱ ይኖሩ ነበር። ከሸክላ ሥራዎቻቸው መካከል በሰው ራስ ቅርጽ የተሠሩ ጠርሙሶች አሉ። የሚበዙት በሞቼ፣ በቺካማና በቪሩ ሸለቆዎች ነው። አንዱ ጉንጨ ሙሉ ነው፤ አንዱ አፍንጫው ተጣሟል፤ አንዱ በአንድ ጎን ፈገግ ብሏል፤ ሌላው የሆነ ነገር አስቀይሞት ግንባሩን ቋጥሯል። ይህን ያህል መለያየት ብቻውን የእውነተኛ ሰው መልክ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ጎበዝ ሠሪ ፊት መፍጠር ይችላል።

ማስረጃው የመጣው ያው ሰው ደጋግሞ ሲገኝ ነው። አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ክሪስቶፈር ዶናን በየሙዚየሙና በየግል ስብስቡ የተበተኑትን ጠርሙሶች ፎቶግራፍ እየሰበሰበ ሲያስተያይ፣ በላይኛው ከንፈሩ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያለበት አንድ ሰው አገኘ። የዚህ ሰው ከ40 በላይ ቅርጾች ተለይተዋል። በአንዱ አሥር ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነው። በሌሎቹ ወጣት ነው፤ ከዚያም ፊቱ እየሞላ፣ እየከበደ፣ ሠላሳዎቹን ዕድሜ ሲያጋምስ እናየዋለን። ጠባሳው አይለወጥም። ስሙን አናውቅም፤ ምን ሹመት እንደነበረው አናውቅም፤ ነገር ግን ከልጅነት እስከ ጉልምስና እንዴት እንደተለወጠ የሚታይ ሰው ነው። ከአሜሪካ አህጉር ጥንታዊ ሕዝቦች መካከል መልክን በዚህ መጠንና በዚህ ታማኝነት የያዘ ሌላ አላውቅም።

መልካቸው የተያዘላቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ናቸው። የሞቼ ሴቶች በሌላ ዓይነት ሸክላ ላይ ሞልተዋል፤ ልጅ ያጠባሉ፣ ሸክም ይሸከማሉ፣ ይወልዳሉ። የራሷ መልክ በዚህ መንገድ የተያዘላት ሴት ግን የለችም ማለት ይቻላል። እነዚህ ወንዶች የሸለቆዎቹ ገዢዎች ናቸው የሚለው አስተያየት የቆየ ነው። ጥምጥማቸውና የጆሮ ጌጣቸው ይህን ይደግፋል፤ ሕፃን ልጅ ገዢ ይሆናል ወይ ሲባል ግን ነገሩ ሹመትን ብቻ ሳይሆን የተከበረ ቤተሰብንም የሚመለከት ይመስላል።

እንዴት ነበር የሚሠሩት?

የሸክላ መንኮራኩር በአንዲስ አልነበረም። ሞቼዎች ይጠቀሙ የነበረው ቅርጽ ማውጫ ነው። መጀመሪያ ዋናው ሠሪ የሰውየውን ራስ በጭቃ ይቀርጻል። ሲደርቅ በላዩ ላይ ሌላ ጭቃ ይለጠፍበትና ለሁለት ተከፍሎ ይላቀቃል፤ ሁለቱ ክፋዮች ሲተኮሱ ቅርጽ ማውጫ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ሠራተኛ ለስላሳ ጭቃ በሁለቱ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ አጋጥሞ፣ ስፌቱን አሽቶ ያንኑ ራስ ማውጣት ይችላል።

በመጨረሻ አፉ ይገጠማል። ከራሱ አናት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ተነሥተው ቅስት ሠርተው ይገናኛሉ፤ ከመገናኛቸው አንድ አፍ ይወጣል። የፈረስ እርካብ ስለሚመስል «የእርካብ እጀታ» ይባላል። እርካቡ ለመያዣም ለማንጠልጠያም ይመቻል፤ አፉ ጠባብ ስለሆነም በዚያ በረሃ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቶሎ አይተንም። የዚህ አፍ ቅርጽ ከዘመን ዘመን እየተለወጠ መሄዱን ያስተዋለው ፔሩዊው ራፋኤል ላርኮ ሆይሌ በ1948 የሞቼን ሸክላ በአምስት ደረጃ ከፈለው። አከፋፈሉ በተለይ በደቡባዊዎቹ ሸለቆዎች እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ በሰሜን ግን ብዙ ተነቅፏል።

ቀለሙ በውኃ የቀጠነ ባለቀለም አፈር ነው፤ በአብዛኛው ቀይና የወተት ዓይነት ነጭ። በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ ከዚያ ይተኮሳል። ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጡ ወንድማማቾች በቀለማቸውና በጥምጥማቸው ይለያያሉ። በቺካማ ሸለቆ ሴሮ ማያል በተባለው ቦታ ቅርጽ ማውጫዎች፣ የተበላሹ ሸክላዎችና የመተኮሻ ፍርስራሽ የሞሉበት ሰፊ መሥሪያ ተቆፍሯል። ይህን ሁሉ የሠራው በትርፍ ጊዜው ጭቃ የሚነካ ገበሬ ሳይሆን ሥራዬ ብሎ የያዘው ባለሙያ ነበር።

አንዳንዶቹ አንገታቸው ላይ ገመድ አለ። ለምንድን ነው?

ምርኮኞች ናቸው። በሞቼ ሥዕሎች ጦረኞች ሁለት ለሁለት ይጋጠማሉ፤ የተሸነፈው ጥምጥሙ ይወድቃል፣ ጸጉሩ ይያዛል፣ ልብሱ ይገፈፋል፣ በአንገቱ ገመድ ይገባና ይነዳል። መጨረሻው መታረድ ነው። ዶናን እንደሚለው ከታወቁት ፊቶች አንዳንዶቹ በአንድ ሸክላ ላይ አጊጠው፣ በሌላው ላይ እርቃናቸውን ታስረው ይታያሉ። የትናንቱ ጌታ የዛሬ ምርኮኛ ሆኗል ማለት ነው።

ይህ ተረት ነው ብለው ይከራከሩ የነበሩ ምሁራን ነበሩ። በ1995 አርኪዮሎጂስቱ ስቲቭ ቡርጄ በሰሜን ፔሩ ትሩሂዮ ከተማ አጠገብ ባለው ዋካ ዴ ላ ሉና ቤተ መቅደስ ሲቆፍር የ70 ያህል ወንዶች አፅም አገኘ። ጉሮሯቸው የተቆረጠ፣ አካላቸው የተበላለተ ነበር። ብዙዎቹ የወደቁት በጭቃ ውስጥ ነው፤ በዚያ በረሃ እንዲህ ዓይነት ጭቃ የሚያመጣው የኤል ኒኞ ዝናብ ነው። ከአፅሞቹ መካከል ሆን ተብሎ የተሰባበሩ፣ እርቃናቸውን የተቀመጡ፣ ገመድ በአንገታቸው የገባ የወንዶች ምስሎች ነበሩ። እነዚህ ምስሎች አልተተኮሱም። ያልተተኮሰ ሸክላ ዝናብ ሲያገኘው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ሠሪዎቹ ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ሳይተኩሱ የተዉት ረስተውት ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

የታመሙና አካላቸው የጎደለ ሰዎች ምስልስ?

በሞቼም በቶሊታም አሉ። የቶሊታ ሠሪዎች እርጅናን ሳያቆለማምጡ ያሳያሉ፤ ጥርስ የሌለው አፍ፣ የተሸበሸበ ጉንጭ። በሞቼ ዕውር፣ ጎባጣ፣ አፍንጫና ከንፈሩ የተበላ ሰው እናገኛለን። የመጨረሻውን ሐኪሞች ከሌሽማኒያ በሽታ ጋር ያያይዙታል። ዝርያው ይለይ እንጂ በእኛ አገር ቁንጭር የምንለው የዚሁ ቤተሰብ ነው።

እግራቸው ከቁርጭምጭሚት የተቆረጡ ወንዶችም ተሠርተዋል። የአፅም ተመራማሪው ጆን ቬራኖ እግራቸው በዚያው ቦታ ተቆርጦ፣ አጥንቱ ድኖ፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የኖሩ የሞቼ ሰዎችን አፅም አጥንቷል። ሸክላው ያየውን ነው የነገረን።

ስለ ወሲብ የሚያሳዩትስ?

አሉ፤ ሊማ የሚገኘው የላርኮ ሙዚየም ለብቻቸው ክፍል ሰጥቷቸዋል። ጎብኚው እየሳቀ ገብቶ ግራ ተጋብቶ ይወጣል፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ልጅ የሚገኝበትን ግንኙነት አያሳዩም፤ አፅም ከሕያው ጋር የሚገናኝባቸውም አሉ። በመቃብር የተቀመጡ መሆናቸው ሲታሰብ ነገሩ ከቀልድ ይልቅ ስለ ሙታንና ስለ ሕያዋን የሚናገር ይመስላል።

እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው የሚቆሙት እነማን ናቸው?

የቻንካይ ምስሎች ናቸው፤ በፔሩ «ኩቺሚልኮ» ይባላሉ። ከ1000 እስከ 1470 ገደማ ከሊማ በስተሰሜን ባለው ጠረፍ ተሠርተዋል። ነጣ ባለ ቅብ ላይ በጥቁር ቀለም የተሣሉ፣ ራሳቸው ጠፍጣፋና ሰፊ፣ አካላቸው ውስጡ ባዶ፣ እጃቸው አጭር ነው። ከሞቼ በኋላ ሲያዩአቸው ችኩል ሥራ ይመስላሉ፤ ቆይተው ሲያዩአቸው ግን ያ ክፍት እጅ ይከተልዎታል። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ጥንድ ሆነው የሚገኙም አሉ። ራሳቸው ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ጸጉር ወይም ጌጥ ይታሰር ነበር ተብሎ ይገመታል። ሟቹን ይቀበሉታል? ይጠብቁታል? ያለቅሱለታል? አብዛኞቹ በመቃብር ዘራፊዎች እጅ ስለወጡ ከማን አጠገብ፣ ወዴት ዞረው እንደነበር የሚነግረን የለም።

ኢንካዎች ለምን እንዲህ ዓይነት ነገር አልሠሩም?

ስፔናውያን ሲመጡ አንዲስን ይገዙ የነበሩት ኢንካዎች ሸክላቸውን በመስመርና በማዕዘን ማስጌጥ ይመርጡ ነበር። ሰውን ሲሠሩ በወርቅ፣ በብርና በባሕር ዛጎል፣ ትንሽ አድርገው፣ ልብስ አልብሰው ነው። በ1999 በአርጀንቲናው ዩዬያኮ ተራራ ጫፍ፣ 6,739 ሜትር ላይ ከተገኙት ሦስት የተሠዉ ልጆች ጋር እንዲህ ዓይነት ምስሎች ነበሩ።

ተሰብረው የሚገኙት በአደጋ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። በ1942 ፔሩዊው አርኪዮሎጂስት ሁሊዮ ቴዮ በፔሩ በአያኩቾ ከተማ አጠገብ ባለችው ኮንቾፓታ የዋሪ ትልልቅ ጋኖችን ስብርባሪ አገኘ፤ ሆን ተብለው ተመትተው የተቀበሩ ነበሩ። በ2004 ደግሞ የፊንላንድና የቦሊቪያ ቡድን በቲቲካካ ሐይቅ ፓሪቲ በምትባል ትንሽ ደሴት ከጉድጓድ ውስጥ የቲዋናኩ ሸክላ ስባሪ አወጣ። ገሉ ተለቅሞ ሲገጣጠም የሰው ፊት ያላቸው ድንቅ ዕቃዎች ሆኑ። አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ እዚያው ደሴቱ ላይ ባለ አነስተኛ ሙዚየም ውስጥ ናቸው፤ ይህ ደስ ይለኛል።

ታዲያ ጣዖት ናቸው?

ይህን ስም የሰጧቸው በቅኝ ግዛት ዘመን «ጣዖት ለማጥፋት» በየመንደሩ የዞሩ ካህናት ናቸው። ኬችዋ በተባለው የአንዲስ ሕዝቦች ቋንቋ «ዋካ» ማለት የተቀደሰ ነገር ወይም ቦታ ነው፤ ምንጭም፣ ድንጋይም፣ የአባቶች አፅምም ዋካ ሊሆን ይችላል። ዛሬ በፔሩ ጥንታዊ ሸክላ «ዋኮ» የሚባለው ከዚሁ ቃል ተነሥቶ ነው፤ መቃብር ዘራፊውም «ዋኬሮ» ይባላል። የሞቼ የራስ ጠርሙሶች ግን ከመቀበራቸው በፊት አገልግለዋል፤ የተፋቁ፣ የተሸረፉ አሉ። የሰውየውን ፊት እያዩ ከሰውየው ራስ ይቀዱ ነበር ማለት ነው። ጣዖት የሚለው ቃል ይህን አይገልጸውም።

አንድ ሰው ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ልግዛ?

አይግዙ። ፔሩ ጥንታዊ ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ የከለከለችው ነፃነቷን ባወጀች በማግሥቱ፣ በ1822 ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ከሆነም፣ ሁለቱ አገሮች በ1997 በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት ያለ ፈቃድ የገባ ዕቃ ይወረሳል። ከዚህም ሌላ የቀረበልዎ ዕቃ ትናንት የተሠራ ሊሆን ይችላል። የቫልዲቪያ ሴቶች በብዛት ይመሰላሉ። በሰሜን ፔሩም በአሮጌው ዘዴ የሚሠሩ የተካኑ ሸክላ ሠሪዎች አሉ፤ የዛሬ ሥራ ነው ብለው በግልጽ ሲሸጡ መግዛት ያስመሰግናል። በላቦራቶሪ ሸክላው መጨረሻ የተተኮሰበትን ጊዜ የሚለካ ምርመራ አለ፤ እውነተኛ መሆኑን ቢያረጋግጥልዎም ከተዘረፈ መቃብር አለመውጣቱን አያረጋግጥልዎትም።

ዝርፊያ የሚያጠፋው ምን እንደሆነ ለማየት በሰሜን ፔሩ ያለውን የሞቼዎች መቃብር ቦታ ሲፓንን ማሰብ ይበቃል። በ1987 ዘራፊዎች እዚያ አንድ መቃብር በርብረው ወርቁን ሸጡ። አርኪዮሎጂስቱ ዋልተር አልቫ በፖሊስ ተጠርቶ ደረሰና «የሲፓን ጌታ» የተባለውን የሞቼ ገዢ ያልተነካ መቃብር አገኘ። በላዩ በነበረ ክፍል ከሺህ በላይ ሸክላዎች ተደርድረው ነበር፤ ምርኮኞች፣ ጦረኞች፣ ሙዚቀኞች። ለየብቻቸው ሲታዩ በችኮላ የተሠሩ፣ ገበያ ላይ ብዙም የማያወጡ ናቸው። ነገር ግን በቡድን በቡድን ተቀምጠው አንድ ትዕይንት ያሳዩ ነበር፤ ይህንም ያወቅነው ማን ከማን አጠገብ እንደነበር ሳይነካ ስለተመዘገበ ነው። ወደዚህ መቃብር ዘራፊው ቀድሞ ቢገባ ኖሮ ዛሬ በሺህ ቤት ውስጥ ሺህ ጌጥ ይሆኑ ነበር።

አውሮፓውያን ሠዓሊዎች ከእነዚህ ሸክላዎች ቀድተዋል ይባላል?

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ጎጋን የልጅነቱን ጥቂት ዓመታት በሊማ አሳልፏል፤ እናቱም የፔሩ ጥንታዊ ሸክላዎች ትሰበስብ ነበር። በ1889 የራሱን ራስ በማሰሮ ቅርጽ ሠርቶታል፤ ዓይኑ የተጨፈነ፣ ከአንገቱ እንደ ደም የሚፈስ ቀይ ቅብ ያለበት ነው። ሞቼዎችን ካየ በኋላ ይህን ማሰሮ የሚያይ ሰው ምንጩን ለመገመት አይቸገርም።

የት ሄጄ ላያቸው እችላለሁ?

ለሞቼ ቀዳሚው በ1926 የተመሠረተው የላርኮ ሙዚየም ነው። መጋዘኑም ለጎብኚ ክፍት ስለሆነ ከኤግዚቢሽኑ ይልቅ እዚያ እንዲቆዩ እመክራለሁ። ከወለል እስከ ጣሪያ በሚደርሱ መደርደሪያዎች ላይ ራሶቹ ተሰልፈዋል። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ትንሽ ሲቆዩ አንዱ ከሌላው መለየት ይጀምራል። የላይኛውን ከንፈራቸውን እያዩ ይሂዱ፤ ምናልባት ጠባሳ ያለበትን ሰው ያገኙት ይሆናል።